ውሻ ይዞ መውጣት፦ ከጎጃም አንባቢያን ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

የዚህ እትም የእንስሳት ጤና ዓምድ ለአንድ ጉዳይ ብቻ ተሰጥቷል። ከፋሲካ ወዲህ ከባሕር ዳር፣ ከደብረ ማርቆስ፣ ከፍኖተ ሰላም፣ ከሞጣና ከሌሎችም የጎጃም ከተሞች የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚያነሡት ውሻን በገመድ ይዞ ከግቢ ስለ ማውጣትና በመንገድ ላይ ስለሚያጋጥመው ጣጣ ነው። በአገራችን ውሻ ቀን በሰንሰለት ታስሮ የሚውል፣ ሌሊት ተፈትቶ ግቢ የሚጠብቅ እንጂ ከባለቤቱ ጋር የሚንሸራሸር ስላልነበረ፣ መንገደኛውም ሆነ የመንገዱ ውሾች ይህን አዲስ ልማድ ገና አልተቀበሉትም። ስለዚህ ከታች በሚገኙት መልሶች ውስጥ ስለ ውሻው ከተባለው ይልቅ ገመዱን ስለ ያዘው ሰው የተባለው ቢበዛ አንባቢ አይገረም። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል፤ የጠያቂዎቹንም ስም አላወጣንም።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ልጄ ከአዲስ አበባ ያመጣልኝ፣ የጀርመን ሼፐርድ ዝርያ ያለበት ወጣት ውሻ ገና የግቢው በር ሲከፈት ይጎትተኛል። በቅርቡ ገመዱን በእጄ አንጓ ላይ ጠምጥሜ ሳለ ድመት አይቶ ሲፈተለክ በግንባሬ ደፋኝ። ባለቤቴ ‹‹ድሮስ ውሻ መቼ ሽርሽር ወጥቶ ያውቃል? በሰንሰለቱ ይቀመጥ›› ትላለች። በእርግጥ ማውጣቱ ያስፈልገዋልን? (ከሞጣ)

መልስ፦ ያስፈልገዋል። የባለቤትዎ ጥያቄ ግን ተገቢ ነው። የቀድሞው የገጠር ውሻ ሽርሽር ወጥቶ የማያውቀው ስላላስፈለገው ሳይሆን፣ ከብት ተከትሎ መስክ የሚውል፣ ባለቤቱ ወፍጮ ቤት ሲሄድ አብሮ ደርሶ የሚመለስ፣ ሌሊቱንም በአጥር ዙሪያ ሲሮጥ የሚያድር ስለ ነበረ ነው። የከተማው ውሻ ይህ ሁሉ ቀርቶበት፣ በሰንሰለቱ ርዝመት ልክ በተሠመረ ክብ ውስጥ ይውላል። እንዲህ የሚውል ውሻ ያለ ምክንያት መጮህ፣ መሬት መቆፈር፣ የታሰረበትን ምሰሶ መዞር፣ በመጣው ሰው ሁሉ ላይም መነሣት ይጀምራል። ብዙዎች ይህን ኃይለኛነት የጥበቃ ችሎታ አድርገው ይቆጥሩታል፤ በእኔ ዓይን ግን ጭንቀት ነው፤ የተጨነቀ ውሻም ሌባን ከቤተ ዘመድ አይለይም።

ቀኑን ሙሉ የታሰረ ውሻ የተጠራቀመ ጉልበቱን የሚያወጣው በሩ ሲከፈት በእርስዎ ክንድ ላይ ነው። ስለዚህ ከመውጣትዎ በፊት በሩን እንደ ዘጉ ለሩብ ሰዓት ያህል በግቢው ውስጥ ፈትተው ይልቀቁት። ገመዱን ሲያስሩለት የሚዘል ከሆነ እስኪረጋ ይጠብቁት፤ በሩንም ቆሞ እስኪጠብቅዎ ድረስ አይክፈቱለት። መንገድ ላይ ሲጎትት መልሰው አይጎትቱት፤ ውሻ ወደ ኋላ ሲሳብ በተፈጥሮው ወደ ፊት ይበረታልና። ባሉበት ቀጥ ብለው ይቁሙ፤ ገመዱ ሲላላ ብቻ ይራመዱ፤ ጥቂት ከተራመደም ከኪስዎ ቁራሽ ዳቦ አውጥተው ይስጡት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከበርዎ እስከ ጎረቤትዎ በር ለመድረስ ረጅም ጊዜ ይወስድብዎታል፤ መንገደኛም ቆሞ ያይዎታል። ዕድሜዎን በማስተማር ያሳለፉ ሰው ስለ ሆኑ ስለ ትዕግሥት እኔ አልነግርዎትም።

ገመዱን በእጅ አንጓ ላይ ፈጽሞ አይጠምጥሙት፤ ውሻው ሲፈተለክ ለመልቀቅ ጊዜ አይሰጥዎትምና። ጫፉ ላይ ያለውን መያዣ በመዳፍዎ ይያዙ፤ በሌላው እጅዎ ደግሞ መካከሉን ይደግፉ። ከሁለት ሜትር ያልበለጠ ሰፋ ያለ የቆዳ ወይም የሸራ ማሰሪያ ከሰንሰለት ይሻላል፤ ሰንሰለት በእጅ ውስጥ ሲንሸራተት ቆዳ ይልጣል። የአንገቱ ማሰሪያ ሁለት ጣት የሚያስገባ ያህል ይላላ። ብርቱ ጎታች ለሆነ ውሻ ግን በደረቱ ዙሪያ የሚታሰረው ዓይነት ለእርሱ መተንፈሻ ቱቦ የተሻለ ነው፤ በአካባቢዎ ካልተገኘ ልኩን ወስደው ለአንድ ቆዳ ሠሪ ቢያሳዩት ይሠራልዎታል። በመጨረሻም፣ ያሸትት ዘንድ ይፍቀዱለት። ውሻ ሰፈሩን የሚያውቀው በአፍንጫው ስለ ሆነ በእያንዳንዱ ግንድ ሥር መቆሙን እንደ ስንፍና አይቁጠሩበት፤ እያሸተተ በዝግታ የሚሄድ ውሻ ከሚሮጠው ባልተናነሰ ደክሞትና ረክቶ ይመለሳል።

ጥያቄ፦ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ሥራ ከመግባቴ በፊት ገና ሳይነጋ ትንሿን ውሻዬን ይዤ ስወጣ፣ በሥጋ ቤቶች አካባቢ የሚያድሩ ውሾች ይከቡናል። አንሥቼ ስታቀፋት በእኔ ላይ ይዘላሉ፤ ስሮጥ ይከተላሉ። ዱላ ብይዝ መፍትሔ ይሆናል? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ‹‹ውሻ በበላበት ይጮኻል›› የሚለው የአባቶች አነጋገር የጠየቁትን ነገር በሙሉ ይዞታል። እነዚያ ውሾች በሥጋ ቤቱ ደጃፍ የሚያድሩት የሚጣልላቸውን ጅማትና አጥንት ስለሚጠብቁ ነው፤ የማያውቁት ውሻ በዚያ ሲያልፍ ቀለብ ሊቀማቸው እንደመጣ አድርገው ያዩታል። ስለዚህ የመጀመሪያው መፍትሔ መንገድ መቀየር ነው። ከሥጋ ቤት፣ ከቆሻሻ ገንዳና ከገበያ ዳር የራቀ መንገድ ሃያ ደቂቃ ቢያስረዝምብዎም እንኳ ይምረጡት፤ በእነዚያ ስፍራዎች የሚያድር የውሻ መንጋ በአንድ ጧት ተባርሮ አይጠፋምና።

ሁለተኛው ሰዓቱ ነው። ሳይነጋ መውጣትዎ የሚያጋጥምዎትን ውሻ ብቻ ሳይሆን ጅብንም የሚጨምር ስለ ሆነ አልመክርዎትም። ጅብ በከተማ ዳር ሌሊቱን ሲዞር አድሮ ወደ ጉድጓዱ የሚመለሰው በዚያ ሰዓት ነው፤ በገመድ የታሰረች ትንሽ ውሻ ደግሞ ማምለጥ የማትችል ቀላል ራት ናት። በደብረ ማርቆስ ያለው የጧት ብርድም ቢሆን ፀሐይ እስኪወጣ መቆየትን የሚያስከፋ አያደርገውም። ሥራ የሚያስቸኩልዎ ከሆነ ረጅሙን ጉዞ ለማምሻው፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ያድርጉት፤ ጧት ግን በግቢዎ ዙሪያ አጭር ዙር ይብቃት።

አሁን ወደ ከበባው ልመለስ። አይሩጡ፤ የሚሮጥን ማሳደድ የውሻ ተፈጥሮ ነው። ውሻዋንም አያንሷት፤ ወደ ላይ የተነሣውን ለመያዝ ሲዘሉ የሚነክሱት የእርስዎን ክንድና ፊት ነው። ወደ መሪያቸው ትክ ብለው ሳይመለከቱ ሰውነትዎን በውሻዎና በእነርሱ መካከል አድርገው፣ ጀርባዎን ሳይሰጡ ቀስ እያሉ ከስፍራው ይራቁ። በዚህ ጊዜ ገመዱን ማጥበቅ የሁሉም ሰው ልማድ ነው፤ ነገር ግን የጠበቀ ገመድ ለውሻዋ ‹‹አደጋ አለ›› የሚል መልእክት ስለሚያደርስ እርሷም መጮህና ፀጉሯን ማቆም ትጀምራለች፤ ጠቡም የሚነሣው ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው። የአገራችን ውሻ ጎንበስ ያለን ሰው ድንጋይ ሊያነሣ እንደሆነ ከልጅነቱ ተምሯል፤ ስለዚህ ጎንበስ ብሎ ማንሣት ማስመሰል ብዙውን ጊዜ ያፈገፍጋቸዋል። ድንጋዩን በእርግጥ መወርወር ግን ሌላ ነገር ነው፤ የተመታ ውሻ ነገ ያው ሰዓት ያው ስፍራ ላይ በቂም ይጠብቅዎታል። ዱላውንም የምደግፈው በርቀት ለመከላከል ሲይዙት ነው፤ ሲሰነዝሩት አይደለም።

ጠብ ከተነሣ በኋላ እጅዎን በሁለት ውሾች አፍ መካከል አያግቡ። ባለቤቶች በብዛት የሚነከሱት በዚህ ጊዜ ነው፤ የሚነክሳቸውም ሳያውቀው የገዛ ውሻቸው ነው። ውኃ መድፋት፣ ጋቢ ወይም ኮት በላያቸው ላይ መጣል፣ በቆርቆሮ አጥር ላይ በኃይል መምታት ይለያያቸዋል። ከተለያዩ በኋላ ውሻዎን ቤት ወስደው ፀጉሯን እየገለጡ ይመልከቷት፤ የጥርስ ቀዳዳ ከላይ ጠባብ ሆኖ ከሥር ጥልቅ ስለሚሆን በማግሥቱ የሚያብጠው ያላዩት ቁስል ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቷም ያለፈበት ከሆነ በዚያው ቀን ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዷት።

ጥያቄ፦ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ልጄ ውሻችንን ይዞ ሲወጣ ገመዱ ከእጁ አመለጠና ውሻው በብስክሌት ያልፍ የነበረውን የጎረቤት ልጅ ባቱን ነከሰው። ጥርሱ ቆዳውን በስቶ ትንሽ ደምቷል። የልጁ አያት ‹‹ውሻው ዛሬውኑ ይገደል፣ ልጁም ጠበል ይግባ›› ይላሉ። ባለቤቴ ደግሞ ‹‹ውሻው የተከተበ ስለ ሆነ ምንም አያስፈልግም›› ይላል። የማንን ልስማ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ለእኚህ እናት ጊዜ የማይሰጥ ጉዳይ በመሆኑ መልሱን ቀደም ብለን በስልክ ነግረናቸዋል፤ እዚህ የምናወጣው ለሌሎች ይጠቅማል ብለን ነው። ሦስቱም ሐሳቦች እንደ ቀረቡ ቢፈጸሙ ልጁን ለአደጋ የሚያጋልጡ ናቸው።

ከሁሉ በፊት ቁስሉ በወራጅ ውኃና በሳሙና ሙሉ 15 ደቂቃ ይታጠብ። ይህ ለማስመሰል የሚደረግ እጥበት አይደለም፤ የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ በምራቅ አማካይነት ቁስል ውስጥ የሚገባ በመሆኑ ሳሙናውና ውኃው አብዛኛውን እዚያው ያጠፉታል። ቡና መነስነስ፣ ቅጠል ጨምቆ ማፍሰስ፣ ቁስሉን አጥብቆ ማሰር ግን ይጎዳል። ከዚያም በዚያው ቀን ልጁ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። ደም ያወጣ ንክሻ ከባዱ ደረጃ ነው፤ ክትባት፣ እንደ ሁኔታውም ቁስሉ ዙሪያ የሚወጋ ተጨማሪ መድኃኒት ያስፈልገው እንደሆነ የሚወስነው ሐኪም ነው። ክትባቱ ከተጀመረ በተባሉት ቀናት ሁሉ ሳይጓደል መፈጸም አለበት።

ባለቤትዎ የያዙት የውሻው የክትባት ወረቀት ዋጋ አለው፤ ስለዚህ ይዘውት ወደ ሐኪሙ ይሂዱ። ይሁን እንጂ ክትባት አደጋውን እጅግ ይቀንሳል እንጂ ወረቀት ያለው ውሻ ሁሉ ከበሽታው ነጻ ነው ማለት አይቻልም፤ ክትባቱ በሙቀት ተበላሽቶ ሊሆን፣ ዘመኑም ሊያልፍበት ይችላል። ውሻ ሦስት ወር ሲሞላው ይከተባል፤ ከዚያ በኋላም በየዓመቱ ይደገማል።

አያቱ ውሻው ይገደል ማለታቸው ከፍርሃት የመጣ ነው፤ በሕይወት ያለ ውሻ ግን ለልጁ ትልቁ ማስረጃ ነው። ቫይረሱ በምራቅ ውስጥ የሚወጣው በውሻው ላይ የበሽታው ምልክት ከመታየቱ ጥቂት ቀናት አስቀድሞ ስለ ሆነ፣ በነከሰበት ዕለት ምራቁ ቫይረሱን የያዘ ውሻ በሚከተሉት 10 ቀናት ውስጥ መታመሙ ወይም መሞቱ አይቀርም። ስለዚህ ውሻው በጠንካራ ሰንሰለት ታስሮ ወይም ክፍል ውስጥ ተዘግቶ፣ አንድ ሰው ብቻ እየመገበው፣ የእንስሳት ሐኪም እያየው ለ10 ቀናት ይጠበቅ። ጠባዩ ከተለወጠ፣ ድምፁ ከጎረነነ፣ መዋጥ አቅቶት ምራቁ ከተዝረበረበ፣ እንጨትና ድንጋይ መንከስ ከጀመረ ወይም የኋላ እግሩ ከሰነፈ በዚያው ሰዓት ለልጁ ሐኪምም ለእንስሳት ሐኪሙም ይነገር። አሥሩን ቀን በጤና ከዋለ ጭንቀቱ ይቀልላል፤ የልጁ ክትባት ይቀጥል ወይም ይቁም የሚለውን ግን ሐኪሙ ይነግራችኋል።

ስለ ጠበሉ፦ ልጁ ጠበል መጠመቁን ማንም አይከለክልም፤ አያቱንም በዚህ መከራከር ነገሩን ያከርረዋል። ጠበሉ ከክትባቱ ጋር ይሁን እንጂ በክትባቱ ምትክ አይሁን። በሽታው ከንክሻው በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ሁለትና ሦስት ወር ተደብቆ ይቆያል፤ አንዳንዴ በሳምንት፣ አንዳንዴም በዓመት ይወጣል። ብዙዎችን ያታለለው ይህ ዝምታ ነው፤ ልጁ ደኅና ነው ተብሎ ክትባቱ ከተተወ በኋላ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚያድን ሕክምና የለም ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ሰው ከሚያዝባቸው ሁኔታዎች እስከ 99 ከመቶ የሚሆነው ከውሻ የመጣ ነው።

ስለ ካሣ አልጠየቁም፤ ጎረቤትዎ ግን ይጠይቁዎታል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 ላይ የእንስሳ ባለቤት እንስሳው በድንገት አምልጦ ያደረሰውን፣ አስቀድሞም ሊታሰብ ያልቻለውን ጉዳት ጭምር እንዲክስ ያስገድደዋል። ስለዚህ ‹‹ገመዱ አመለጠው›› ማለት ለሽማግሌ የሚነገር ይቅርታ ሊሆን ይችላል፤ በሕግ ፊት ግን መከላከያ አይሆንም። የመጓጓዣውንና የሕክምናውን ወጪ ሳይጠየቁ ቢያቀርቡ፣ ልጁንም በየቀጠሮው አብረው ቢያደርሱ ከክርክሩ ሁሉ ይሻላል። ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ ናት፤ ውሻዎ ደግሞ ተሽከርካሪን የማሳደድ ጠባይ እንዳለው አሁን አውቀዋል። ከአሥሩ ቀን በኋላ ሲወጣ ገመዱን የሚይዘው አዋቂ ሰው ይሁን፤ ብስክሌት ሲመጣም ከመንገዱ ዳር አስቁሞ በጀርባው በኩል ያሳልፈው።

ጥያቄ፦ ፋሲካ ካለፈ ወዲህ ውሻችን መንገድ ላይ ያገኘውን አጥንትና የሆድ ዕቃ ሁሉ አንሥቶ ይውጣል፤ ለመቀማት ስንሞክር ያጉረመርማል። ቤት ውስጥም የዶሮ ወጡን ትራፊ እንሰጠዋለን። ይህ ይጎዳዋል? (ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ ጥያቄዎ በአንድ ‹‹አዎ›› የሚያልቅ ቢመስልም በውስጡ አራት የተለያዩ አደጋዎች አሉበት፤ አንዱ ደግሞ ከውሻው ይልቅ የሚጎዳው የቤተሰቡን ሰው ነው።

ከዚህ እጀምራለሁ። በበዓል በየግቢው በግ ወይም ፍየል ሲታረድ ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ቢገኝ ብዙ ሰው ቆርጦ ለውሻ ይጥለዋል። ያ ከረጢት በውሻ አንጀት ውስጥ ሲገባ ወደ ጥቃቅን የኮሶ ትሎች ይለወጣል፤ ትሎቹ ውሻውን እምብዛም አያሳምሙትም፤ እንቁላላቸው ግን ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ በሣሩ፣ በጎመኑ፣ በራሱም ፀጉር ላይ ይቀራል። ውሻውን ደባብሶ እጁን ሳይታጠብ እንጀራ የቆረሰ ልጅ እንቁላሉን ከዋጠ፣ ያው ከረጢት በእርሱ ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ ለዓመታት ቀስ እያለ ያድግና ለቀዶ ሕክምና ይዳርገዋል። ስለዚህ የተበላሸ የሆድ ዕቃ ይቀበር ወይም ይቃጠል እንጂ ለውሻ አይጣል፤ ሊሰጡት ከፈለጉም ደኅና አድርገው ይቀቅሉት። ለዚህ ትል የሚሰጠው መድኃኒት ፕራዚኳንቴል ሲሆን መጠኑ በውሻው ክብደት የሚወሰን በመሆኑ የእንስሳት ሐኪም ይዘዝልዎ። ከበዓል ማግሥት ለዚህ ጥሩ ጊዜ ነው።

የዶሮ ወጡን በተመለከተ፣ የሽንኩርቱ ነገር አብዛኛው ሰው የማያውቀው ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ጥሬም ሆነ የበሰለ፣ የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት ያፈርሳል፤ የእኛ ወጥ ደግሞ መሠረቱ ሽንኩርት ነው። አንድ ጊዜ ቀምሶ ላይታመም ይችላል፤ በየቀኑ ከተሰጠው ግን ድዱ ይነጣል፣ ይደክማል፣ ሽንቱም ይጠቁራል። የበሰለ የዶሮ አጥንት እንደ ጥሬው አይደለም፤ ተሰባብሮ ስለታም ስንጣሪ ስለሚሆን ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። እንጀራውን ብቻ፣ ወይም ቅመምና ሽንኩርት ያልገባበትን መረቅ ያለበት ቂንጬ ይስጡት።

አራተኛው መርዝ ነው። በአንዳንድ ከተሞች ባለቤት አልባ ውሾችን ለማጥፋት ሥጋ ተመርዞ የሚጣልበት ጊዜ አለ፤ መርዙ የባለቤቱን ስም አይጠይቅም። ውሻዎ ከመንገድ አንዳች ነገር በልቶ ወዲያው ሰውነቱ ከተንቀጠቀጠ፣ እግሩ ከተገተረ ወይም በጥቂት ድምፅ ከደነበረ ወተት ወይም ዘይት በአፉ አያፍስሱበት፤ መዋጥ ስለማይችል ወደ ሳንባው ይገባል። በጨለማና በጸጥታ፣ ጨርቅ ሸፍነው በፍጥነት ወደ ሐኪም ያድርሱት፤ የተረፈ ሥጋም ካለ በላስቲክ ይዘው ይሂዱ።

ያጉረመረመብዎን ውሻ በጉልበት አይቀሙት። የያዘውን የሚያስንቅ ነገር፣ ለምሳሌ የተቀቀለ እንቁላል ቁራሽ፣ አሳይተው ሲለቅ ‹‹ተው›› ይበሉት፤ በቤት ውስጥ ደጋግመው ካስለመዱት ቃሉን መንገድ ላይም ይሰማዎታል። እስኪለምድ ድረስ ትንፋሽና ውኃ የሚያስገባ የአፍ ቅርጫት ያድርጉለት። ልጆች ውሻው ክፉ ስለ ሆነ የታሰረ ይመስላቸውና ይርቁታል፤ ይህም ቢሆን ለጊዜው አይጎዳም።

ጥያቄ፦ ከሰዓት በኋላ በጣና ዳር ሳንሸራሽረው ውሻዬ እየተኛ እምቢ ይለኛል። ወደ ሐይቁ አስገብቼ ላቀዝቅዘው? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ እምቢ ማለቱ ብልህነት ነው። ውሻ እንደ ሰው በቆዳው አያልበውም፤ ሙቀቱን የሚያወጣው በማለክለክ ነው፤ በመዳፉ የሚወጣው ላብ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ደግሞ የባሕር ዳር አስፋልት ከሰዓት በኋላ ባዶ እግር አያስረግጥም፤ እርስዎ ጫማ ስላደረጉ አልታወቀዎትም። የእጅዎን ጀርባ አስፋልቱ ላይ ለጥቂት ጊዜ ያኑሩ፤ መታገሥ ካቃተዎ ለእርሱም አይሆንም። የዘንባባው ጥላ ሳይሸሽ፣ ጧት እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ወይም ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ያውጡት። ፊታቸው አጭርና አፍንጫቸው የተጨፈለቀ ዝርያዎች ከዚህም ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ።

በኃይል እያለከለከ ምላሱ ከቀላ፣ ከተንገዳገደ ወይም ካስታወከው ሙቀት መትቶታል ማለት ነው። የጤነኛ ውሻ የሰውነት ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከ41 ሲያልፍ ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። ጥላ ሥር አስተኝተው ሆዱን፣ ብብቱንና መዳፉን ቀዝቃዛ፣ በረዶ ያልሆነ ውኃ ያፍስሱበት፣ ያራግቡለት፣ ከዚያም ወደ ሐኪም ያድርሱት።

ሐይቁን ግን ተዉት። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ አለ፤ ጉማሬ በየዋህነት የሚታለፍ እንስሳ አይደለም፣ የሚጮህበትን ውሻ ሊያሳድድ ሲመጣ ደግሞ ውሻው የሚሮጠው ወደ እርስዎ ነው። እርስዎም ተከትለው ዳሩ ላይ ውኃ ውስጥ ቢገቡ ቢልሃርዝያ ሊይዝዎ ይችላል። የሚጠጣውን ውኃ በጠርሙስና በትንሽ ሳህን ይዘው ይውጡ። ከኩሬና ከጅረት የሚጠጣ ውሻ አልቅት በአፍንጫው ሊገባበት ይችላል፤ ከአንድ አፍንጫው ብቻ ደም የሚወጣ ውሻ ያየ ሰው ይህንን ቀድሞ ይጠርጥር።

ጥያቄ፦ ውሻዬ ፈረስ ባየ ቁጥር እግር እግሩን እየተከተለ ይጮኻል። በእኛ ከተማ ደግሞ ፈረስ የሌለበት መንገድ የለም። (ከእንጅባራ)

መልስ፦ በአዊ ፈረስ የቤተሰብ አካል ስለ ሆነ መንገዱን ከፈረስ ለመለየት መሞከር ከንቱ ነው። ውሻው ፈረስን በሩቅ፣ ሳይጮህ በሚታገሥበት ርቀት ላይ ሆኖ እንዲያይ ያድርጉና ዳቦ ይስጡት፤ በሳምንታት ውስጥ ርቀቱን እያሳጠሩ ይሂዱ። እስከዚያ ድረስ ከፈረሱ በስተኋላ አያምጡት። ፈረሱ ቢረግጠው መንጋጋው ይሰበራል፤ ፈረሱ ደንግጦ ጋላቢውን ቢጥል ደግሞ ለባሕር ዳሯ እናት የጠቀስነው የሕግ ቁጥር ለእርስዎም ይሠራል። በጎችን በተመለከተ ግን ልምምድ የሚባል የለም፤ የበግ መንጋ ሲመጣ ገመዱን አሳጥረው ዘወር ይበሉ፤ አንድ ጊዜ በግ ያሳደደና የተደሰተ ውሻ ደግሞ መሞከሩ አይቀርምና።

ጥያቄ፦ ውሻዬ ዘወትር የሚጸዳዳው በአንዲት ጎረቤታችን በር ላይ ነው፤ እትዬ ተቆጥተውኛል። ሌላው ጎረቤታችን ሙስሊም ናቸው፣ ልብሳቸውን እንዳይነካባቸው እሰጋለሁ። በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥርም ማለፍ አለብኝ። ምን ባደርግ ይሻላል? (ከቢቸና)

መልስ፦ እትዬ ልክ ናቸው። ቅድም የጠቀስናቸው የትል እንቁላሎች በዓይነ ምድር ውስጥ ስለሚወጡ፣ ልጆች አፈር በሚጫወቱበት በር ላይ የተተወ ቆሻሻ ከሽታው ይልቅ በጤና ይጎዳል። አሮጌ ጋዜጣ ወይም ወፍራም ወረቀት ይዘው ይውጡ፣ አንሥተው ወደ ቤትዎ መጸዳጃ ጉድጓድ ይጨምሩት። ወደ ቦይ መጣል ማንሣት አይደለም፤ ክረምት ሲገባ ጎርፉ ለታችኛው ሰፈር ያደርሰዋል። ውሻ ከበላ በኋላ ጥቂት ቆይቶ መጸዳዳት ስለሚፈልግ፣ ከመውጣትዎ ከግማሽ ሰዓት በፊት ቢመግቡትና በግቢዎ ጥግ አንድ ስፍራ ቢያስለምዱት ችግሩ ከበሩ ሳይወጣ ሊቀር ይችላል። እትዬን ግን ዛሬውኑ ሄደው ይቅርታ ይጠይቁ፤ ደጃፋቸውንም አንድ ቀን እርስዎ ይጥረጉ።

ለሙስሊሙ ጎረቤትዎ የውሻ ምራቅ ልብሳቸውን ቢነካ ለጸሎት መልሰው ማጠብ ግድ ይሆንባቸዋል። በተለይ ዓርብ ቀትር ላይ ለብሰው ሲወጡ ካዩ መንገዱን ተሻግረው ይለፉ፤ ከሩቅ ሰላምታ መስጠት ውሻ ይዘው ከመጨባበጥ ይሻላል። የቤተ ክርስቲያኑን ጉዳይ ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ ‹‹ቤተ ክርስቲያን የገባች ውሻ›› ሲባል ሰምተው ያደጉ ሰው ነዎት። አጥሩን ከውጭ ቢያልፉም ውሻው እግሩን እንዲያነሣበት አይፍቀዱ፤ የቅዳሴና የጠበል ሰዓት በሚሆንበት ጊዜ ደግሞ በሌላ መንገድ ይሂዱ። በመስከረም ሜዳ ሜዳውን የሚወስዱት ከሆነ ሲመለሱ በጣቶቹ መካከልና በጆሮው ውስጥ ይመልከቱ፤ የሰይጣን መርፌና መዥገር የሚሸሸጉት እዚያ ነው። መዥገሩን ጋዝ ሳያፈሱበት፣ በወረንጦ ከሥሩ ይዘው ቀጥ አድርገው ይንቀሉት።

ጥያቄ፦ የ12 ዓመት ልጅ ነኝ። ውሻችን ቦቢ ከእኔ ይበልጣል። ብቻዬን ይዤው ልወጣ? (ከቡሬ)

መልስ፦ ብቻህን አትውጣ። ይህን የምልህ ቦቢ ክፉ ስለ ሆነ አይደለም፤ እርሱ ድንገት ሲሮጥ አንተ ልታቆመው ስለማትችል ነው። ከአባትህ ወይም ከእናትህ ጋር ውጣ፤ ዋናውን ገመድ እነርሱ ይያዙ፣ አንተ ደግሞ ሁለተኛ ገመድ አስረህ ከጎኑ ሂድ። ውኃውን መያዝ፣ ከመንገድ አጥንት እንዳያነሣ ቀድሞ ማየት፣ ስትመለሱም መዥገር መፈለግ ያንተ ሥራ ይሁን። እንዲነካ የሚፈልግ ጓደኛ ቢመጣ መጀመሪያ ቦቢ ያሽትተው፤ በራሱ ላይ ከላይ ወደ ታች እጅ አይዘርጋበት፣ በደረቱ በኩል ይደባብሰው። ሲበላና ሲተኛ ማንም አይንካው። ልጆች ከትምህርት ቤት በሚወጡበት ሰዓት ደግሞ በትምህርት ቤቱ በር በኩል አታሳልፈው፤ ያ ሁሉ ሩጫና ጩኸት ያስፈነድቀዋል።